የአንዲት ቺፕ ዕዳ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ቴስላ 135 ሺሕ ያህል ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪናዎችን ለነፃ ጥገና ለመጥራት ተስማማ። ለጥሪው ምክንያት የሆነችው ከመሀል ስክሪኑ ጀርባ የተቀመጠች፣ 8 ጊጋባይት የምትይዝ ሚሞሪ ቺፕ ናት። ዋጋዋ በመኪናው ዋጋ ላይ ቢጨመር ገዢው ልብ አይለውም። ሆኖም የኤሌክትሪክ መኪና አምራቾች ወጪ ከየት እንደሚቀንሱና የተቀነሰው ወጪ ኋላ በማን ኪስ እንደሚከፈል ለማየት ከእሷ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ሞዴል ኤስ በማርች 2009 ሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በምትገኘው ሆውቶርን ለሕዝብ ሲታይ ቴስላ ገና ሮድስተር የተባለችውን የስፖርት መኪና ብቻ የሚሸጥ ትንሽ ኩባንያ ነበር። ጄኔራል ሞተርስና ክራይስለር የኪሳራ ጥበቃ የጠየቁት በዚያው ዓመት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ አዲስ የቅንጦት መኪና ለመሥራት ገንዘብ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ዳይምለር በ50 ሚሊዮን ዶላር 10 በመቶ ገደማ ድርሻ ገዛ። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር 465 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። በ2010 ደግሞ ቶዮታ የ50 ሚሊዮን ዶላር አክሲዮን ሲገዛ፣ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር በጋራ ይሠራበት የነበረውን የፍሪሞንት ፋብሪካ በ42 ሚሊዮን ዶላር ለቴስላ ለቀቀ። በዚያው ዓመት ጁን ወር ኩባንያው አንዱን አክሲዮን በ17 ዶላር ለገበያ አቅርቦ 226 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። ትልልቆቹ አምራቾች ለአንድ አዲስ ሞዴል ቢሊዮኖችን በሚያፈሱበት ዘርፍ ይህ ብዙ የሚባል ካፒታል አይደለም።

ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሌላው ኢንዱስትሪ አስቀድሞ በብዛት እያመረተ ያረከሰውን ዕቃ መውሰድ ነበረባቸው። ኒሳን ለሊፍ መኪናው ትልልቅ የባትሪ ሴሎች ለብቻ ሲያሠራ፣ ቴስላ በላፕቶፕ ውስጥ የሚገባውን ዓይነት ትንሽ ሴል ከፓናሶኒክ ገዝቶ ከ7 ሺሕ በላይ የሚሆኑትን በአንድ ባትሪ ውስጥ አሰናኘ። ውሳኔው ሠርቷል። ባለ 85 ኪሎዋት ሰዓቱ ባትሪ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ 426 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በጁን 2012 ለገዢዎች ተሰጡ፤ በቀጣዩ ዓመት ሜይ ወር ኩባንያው የመንግሥትን ብድር ከጊዜው ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ከፍሎ ጨረሰ። ይህ ስኬት ያለ ቅሬታ ሊመሰገን የሚገባው ነው።

በስክሪኑ ላይም የተሠራው ሒሳብ ይኸው ነበር። በየቦታው ይበተኑ የነበሩት ቁልፎች ተነሥተው 17 ኢንች ስፋት ባለው በንክኪ በሚሠራ ስክሪን ተተኩ። ከጀርባው የገባው የኤንቪዲያ ፕሮሰሰር ለታብሌት የሚውለው ዓይነት ነው፤ ሚሞሪዋም እንደዚያው። እንዲህ ያለች ሚሞሪ መረጃ በተጻፈባትና በተሰረዘባት ቁጥር ታልቃለች። ታብሌት በጥቂት ዓመት ውስጥ ስለሚቀየር ይህ ብዙ አያስጨንቅም። መኪና ግን ቀኑን ሙሉ መረጃ ይመዘግባል፤ አሥራ አምስት ዓመትም ሊነዳ ይችላል። የአሜሪካ የመኪና ደህንነት ተቆጣጣሪ የሆነው መሥሪያ ቤት፣ የብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር፣ የቺፗን ዕድሜ ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ገመተው። የመኪናው መደበኛ ዋስትና ደግሞ አራት ዓመት ወይም 80 ሺሕ ኪሎ ሜትር ነበር።

አንባቢ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው። ቺፗ የምትሞተው ዋስትናው ካለቀ በኋላ ነው፤ የጥገናው ወጪም ከፋብሪካው መዝገብ ወጥቶ ወደ ባለቤቱ ይዞራል። ይህ ታስቦ የተደረገ ነው አልልም። ውጤቱ ግን ታስቦ ቢሆን ኖሮ ከሚሆነው አይለይም፤ ዋስትናው ካለቀ በኋላ ስክሪናቸውን ያስቀየሩ ሰዎች ገንዘቡን ከኪሳቸው ከፍለዋል።

ቴስላ ከዚህ በፊት መኪና ሲጠራ ይህን ያህል አላንገራገረም። በ2015 የአንዲት መኪና የደህንነት ቀበቶ ተላቆ በመገኘቱ ብቻ 90 ሺሕ ሞዴል ኤሶችን እንዲታዩ ጠርቷል። በ2018ም በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመሪ አጋዡን ቡሎኖች ስለሚያዝግ 123 ሺሕ መኪናዎችን ጠርቷል። በቺፗ ጉዳይ ግን ምርመራ ከተከፈተበት በኋላ በኖቬምበር 2020 ያደረገው ዋስትናዋን ወደ ስምንት ዓመት ማራዘም ነበር። የብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ይህ አይበቃም አለ። ስክሪኑ ሲጠፋ የኋላ ካሜራው፣ የመስታወት ጤዛ ማጥፊያውና የፍሬቻው ድምፅ አብረው ስለሚጠፉ ነገሩ የደህንነት ጉድለት ነው በማለት በጃንዋሪ 2021 በደብዳቤ ጥሪ እንዲያደርግ ጠየቀ። ኩባንያው የሰጠው መልስ ለኢኮኖሚ ተማሪ ትልቅ ትምህርት አለው። እንዲህ ያለ ክፍል የመኪናውን ዕድሜ ሙሉ እንዲቆይ መጠበቅ በኢኮኖሚ ረገድ አያዋጣም ሲል ተከራከረ፤ ጉድለት አለ መባሉን ሳይቀበልም ጥሪውን አደረገ።

ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ጎማም የፍሬን ሸራም ያልቃል፤ የሚያስቀይረውም ባለቤቱ ነው። ነገር ግን ጎማ ሲያልቅ በዓይን ይታያል፣ ከየትኛውም ሻጭ ይገዛል፣ ዋጋውም አስቀድሞ ይታወቃል። ቺፗ በቦርዱ ላይ ተበይዳ የማትታይ ናት፤ እንደምታልቅ ለገዢው የነገረው የለም። ገዢ የማያውቀውን ወጪ በዋጋ ድርድር ውስጥ ሊያስገባ አይችልም። መሥሪያ ቤቱ ያደረገው ወጪውን ወደ ምንጩ መመለስ ነው፤ 64 ጊጋባይት የሚይዝ ቺፕ በነፃ ተገጠመ፣ ቀድመው የከፈሉትም ገንዘባቸውን እንዲጠይቁ ተፈቀደ። እኔ ፍርዱ ትክክል ነበር እላለሁ።

ይህ መብት ግን ከመኪናው ጋር ድንበር አይሻገርም። ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በብዛት እየገባ ነው፤ ብዙው የሚገባውም አምራቹ በቀጥታ በማያውቃቸው ነጋዴዎች በኩል ነው። መኪናው በተመረተበት አገር ቢጠራ አዲስ አበባ ላይ የሚነዳው ሰው ማስታወቂያው አይደርሰውም፤ ቢደርሰውም የሚወስድበት የአምራቹ ጋራዥ ላይኖር ይችላል። የሚመለከተው መንግሥታዊ አካል አስመጪዎች ለጥሪ ጥገና ኃላፊነት እንዲወስዱ በፈቃዳቸው ላይ ግዴታ አድርጎ ቢያስገባው፣ መለዋወጫው ተወዶ ከማልቀስ ይሻላል።

አሜሪካ ላላችሁ ወገኖችም አንድ ነገር ላስታውስ። የፌዴራሉ ሕግ ያልተጠገነ ጥሪ ያለበት አዲስ መኪና እንዳይሸጥ ቢከለክልም አሮጌ መኪና ሻጩን አይከለክልም። ከመፈረማችሁ በፊት ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የሻንሲ መለያ በአስተዳደሩ ድረ ገጽ አስገብታችሁ ተመልከቱ፤ ክፍያ የለውም።