የሴባስቶፖል መዳብ

የአፄ ቴዎድሮስን መድፍ የሴባስቶፖልን ትንሽ ምስል ከመቀባቴ በፊት የምወስነው የስንት ዓመቱን መድፍ እንደምሠራ ነው። በ1850ዎቹ መጨረሻ ጋፋት ላይ ከቅልጥ ነሐስ የወጣው አዲስ መድፍ ቀይ ቢጫ ሆኖ ያበራል። ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት ተጎትቶ፣ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ የተቀመጠው ግን ዝናብና ፀሐይ ያጠቆሩት ሽማግሌ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓይነት ቀለም አይሠሩም።

እኔ ደባርቅ ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ። ከሥራ ውጭ ጊዜዬን የሚወስዱት ጠረጴዛ ላይ የሚሰለፉ ትንንሽ ምስሎች ናቸው። በውጭው ዓለም፣ በተለይ በእንግሊዝ፣ ሰዎች እንዲህ ያሉ ምስሎችን ቀብተው በማስመሪያ እየለኩና ዳይ እየጣሉ የጥንት ጦርነቶችን ይጫወቱባቸዋል። የእኔ ሰልፈኞች የአገሬ ሰዎች ናቸው፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ የደጃዝማች ውቤና የደጃዝማች ካሳ ጦር የተጋጠመበትን፣ ካሳም ድል አድርገው በዚያው በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ለመንገሥ የበቁበትን ቀን ነው የማሰልፈው። የጋሻ ጌጥ አለ፣ የነፍጥ ማሠሪያ አለ፣ የጎራዴ እጀታ አለ። መዳብና ናስ የማይነካው ወታደር ጥቂት ነው።

የቀለሙ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በየከተማው ብየዳ ቤቶች የግቢ በር ጦር ጫፍ የሚቀባበት፣ በቲነር የሚቀጥን መዳብማ ቀለም አለ። ለበር ያምራል፤ ለትንሽ ምስል ግን አይሆንም። ምክንያቱ የቅንጣቱ መጠን ነው። 28 ሚሊ ሜትር የሚሆን ምስል ከእውነተኛ ሰው 60 ጊዜ ያህል ያንሳል። የአንድ ሚሊ ሜትር 20ኛ ክፍል የሆነች ብናኝ በዚያ ልክ ስትታሰብ 3 ሚሊ ሜትር ሆና ትታያለች፤ ጋሻው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ስለዚህ ስትገዙ ጠብታውን ጥፍራችሁ ላይ ቀቡና በፀሐይ ተመልከቱት። ነጥብ ነጥብ ሆኖ ካብለጨለጨ ተዉት፤ እንደ ቆዳ ወጥ ሆኖ ካበራ ውሰዱት። የመብራት ብርሃን ያታልላል። የቀን ፀሐይ ግን ምንም አይደብቅም።

ሁለት ዓይነት አለ። ብዙዎቹ በውሃ የሚቀጥኑ ቀለሞች ውስጥ መዳብ የለም፤ ሚካ የተባለ ስስ የማዕድን ቅንጣት በአይረን ኦክሳይድ ተለብጦ ነው የመዳብ መልክ የሚሰጠው። አይዝግም፣ አረንጓዴ አይሆንም። እውነተኛ የብረታ ብረት ብናኝ ያላቸው ደግሞ፣ ለምሳሌ የስፔኑ ቫየሆ ሊኩዊድ ጎልድ የሚላቸው፣ በአልኮል የተበጠበጡ ናቸው። ድምቀታቸው ወደር የለውም። ብሩሹም የሚታጠበው በአልኮል ነው። ለጀማሪ የመጀመሪያውን እመክራለሁ። ከእንግሊዙ ሲታዴል ሃሹት ኮፐርና ስክሪሚንግ ቤል ይገኛሉ፤ መዳብማ ቀለም ደማቅም፣ ቀላ ብሎ የጠቆረም አለ።

አቀባቡ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ከሥር ያለው ቀለም ነው። መዳብን በነጭ ላይ የቀባ ሰው ስስ ብርቱካን ያገኛል። ከሥር ቀይ ቡናማ ይግባ፤ ከዚያ መዳቡ ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀባ፤ ሲደርቅ በውሃ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ በስርጉዱ ውስጥ ይፍሰስ። ጠርዙን ለማድመቅ መዳቡ ላይ ጥቂት የብር ቀለም እጨምራለሁ። ነጭ መጨመር ብረቱን ኖራ ያስመስለዋል። ሴባስቶፖል ነሐስ ስለሆነ መዳቡን በትንሽ ወርቅማ አለዝበዋለሁ። ሽማግሌውን ሴባስቶፖል ስሠራ ግን ወርቁን እተወውና ውሃ በሚተኛበት ስርጉድ ብቻ ቀጭን ሰማያዊ አረንጓዴ ጣል አደርጋለሁ። አረንጓዴው ሁሉንም ከሸፈነ መድፉ ሻጋታ ይመስላል።

አንድ ነገር አደራ፦ የብረት ቀለም የነካው ብሩሽ የታጠበበት ውሃ ለሌላ ቀለም አይሁን። ብናኙ ውሃው ላይ ይንሳፈፍና የወታደሩን ነጭ ሸማ ያበላሻል፤ ከሸማ ላይ ደግሞ አይለቅም። ስለዚህ ብረቱን አስቀድሜ፣ ሸማውን በሌላ ውሃና በሌላ ብሩሽ አስከትዬ እቀባለሁ። በመጨረሻ የሚቀባው መከላከያ ቫርኒሽም ድፍን የሚያደርገው ዓይነት ከሆነ የመዳቡን ብርሃን ያጠፋዋል፤ ብረቱ ላይ የሚያበራውን ተጠቀሙ።

እነዚህ ብልቃጦች ደባርቅ ሱቅ ላይ አይገኙም፤ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ነው የሚላኩት። አንድ ብቻ ማስላክ የምትችሉ ከሆነ ቀላ ብሎ የጠቆረውን አስልኩ። እሱን በብር ማድመቅ ይቻላል፤ ደማቁን ግን ብርሃኑን ሳያጡ ማጥቆር ከባድ ነው።