ሽንት ሲያቃጥል የቻይና ባህላዊ ሐኪም ምን ያደርጋል?

ቤጂንግ ውስጥ አንዲት ሴት ባህላዊ ሕክምና ወደሚሰጥ ክሊኒክ ገብታ «ሽንቴን ያቃጥለኛል፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል፣ ስቀመጥ ግን ጠብ ጠብ ብሎ ያቆማል» ብትል ሐኪሙ በጥያቄ ይጀምራል። ሽንትሽ ምን ይመስላል? ቢጫ ነው? ደም አለው? ደፍርሷል? ሲደክምሽ ይብስብሻል? ቀጥሎ ምላሷን ያያል፤ በተለይ ወደ ጉሮሮ የሚጠጋውን የኋላውን ክፍል። በእነሱ ትምህርት የኩላሊትና የፊኛ ነገር የሚነበበው እዚያ ነው። ምላሱ ቀልቶ ቢጫና ወፍራም ሽፋን ከለበሰ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በመጨረሻ ሦስት ጣቶቹን በእጇ አንጓ ላይ ደርድሮ የደም ሥሯን ምት ያዳምጣል።

በቻይና ሕክምና ይህ ሕመም «ሊን» ይባላል። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት በስድስት ይከፍሉታል፦ የሙቀት፣ የጠጠር፣ የደም፣ የ«ቺ» ማለትም የሰውነት ኃይል መታገድ፣ የደፈረሰ ሽንትና የድካም። የሚያቃጥላት ሴት ከመጀመሪያው ወገን ትመደባለች፤ «እርጥበትና ሙቀት ፊኛዋ ውስጥ ታምቀዋል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ610 የቤተ መንግሥት ሐኪሙ ቻው ዩዋንፋንግ የበሽታዎችን መነሻ በዘረዘረበት መጽሐፉ ሊን የሚመጣው ኩላሊት ሲደክምና ፊኛ ሲግል ነው ብሎ ነበር። «ብርድ መታኝ»፣ «ምች ነው» እያለ ላደገ ሰው አካሄዱ እንግዳ አይደለም።

ፊኛው ውስጥ በእርግጥ ምን እየሆነ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። አንጀት ውስጥ በሰላም ይኖራል፤ ወደ ሽንት ቧንቧ ሲሻገር ግን ችግር ይሆናል። የሴት የሽንት ቧንቧ ርዝመት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የወንድ 20 ገደማ ነው። ሴቶች በብዛት የሚጠቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሽንት የገባውን ሁሉ አጥቦ ማውጣት ነበረበት፤ ኢ. ኮላይ ግን በሰውነቱ ላይ ባሉት ቀጫጭን ክሮች እንደ ጭጎጎት በፊኛው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ግድግዳው ይቆጣል፤ ማቃጠሉም፣ ጥቂት ሽንት ሲጠራቀም የሚመጣው ጥድፊያም ከዚያ ነው።

የጥንቱ ሐኪም ባክቴሪያውን አላየም። ያየው ውጤቱን ነው፤ እሱን ደግሞ በጥንቃቄ ነው ያየው። ጠጠሩን ከደሙ፣ ድንገተኛውን ከሚመላለሰው ለይቷል።

ድስቱ ውስጥ ምን ይገባል?

ለሙቀቱ ዓይነት በጣም የታወቀው ቅመማ «ባ ጀንግ ሳን» ነው። የተመዘገበው በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ የመንግሥቱ መድኃኒት ቤት ባዘጋጀው መጽሐፍ ነው። ስምንት ነገሮች አሉት፦ የካርኔሽን አበባ ዘመድ የሆነ ተክል፣ ከመቅመቆ ቤተሰብ የሆነ ሣር መሰል ቅጠል፣ የጎርጠብ ዘመድ ዘር፣ የጋርዴኒያ ፍሬ፣ የሩባርብ ሥር፣ ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር፣ ሙ ቶንግ የተባለ የሐረግ ግንድ፣ እንዲሁም ታልክ። አዎ፣ የሕፃናት ፓውደር ይሠራበት የነበረው ያው የድንጋይ ዱቄት።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ሁሉም ይወቀጣል፤ ከዱቄቱ ትንሽ ተወስዶ በአንድ ኩባያ ውሃ ከአንድ የረግረግ ሣር ነጭ ውስጠኛ ክፍል ጋር ይንተከተካል። ውሃው ከአሥር ሰባት እጁ ሲቀር ወርዶ ይጠለላል፤ ሞቅ እንዳለም ከምግብ በኋላና ወደ መኝታ ሲኬድ ይጠጣል።

የሥራ ክፍፍላቸውም ግልጽ ነው። የሚበዙት ሽንት እንዲፈስ ያደርጋሉ ተብለው የገቡ ናቸው። ጋርዴኒያው «ያቀዘቅዛል»። ሩባርቡ ሆድ ያስኬዳል፤ ሐሳቡ ሙቀቱ በሽንትም በሰገራም በኩል መውጫ እንዲያገኝ ነው። ሊኮሪሱ የሌሎቹን ጠባይ ያለዝባል። በር ከፍቶ ማጠብ ነው ነገሩ፤ ይህ ደግሞ ከዘመኑ ዕውቀት ጋር አይጣላም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ሕመሙ የሚመላለስባቸውንና ውሃ የማያዘወትሩ 140 ሴቶችን ወስዶ ግማሾቹ በቀን 1.5 ሊትር ተጨማሪ ውሃ እንዲጠጡ አደረገ፤ በዓመቱ ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል አነሰ። ቅጠልም ዱቄትም አልነበረበትም።

ይሠራል ወይ?

ኮክራን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ሕመሙ በሚመላለስባቸው ሴቶች ላይ የተደረጉ 7 ጥናቶችን መረመረ፤ በጠቅላላው 542 ሴቶች። ውጤቱ ለቻይና ቅጠሎች ተስፋ ሰጪ ይመስል ነበር፤ ጥናቶቹ ግን በአሠራራቸው ደካማ ስለነበሩ ገምጋሚዎቹ ማረጋገጫ አልሰጡም።

አኩፓንክቸር የሚባለው የቻይና የመርፌ ሕክምናም ተሞክሯል። ለሽንት ሕመም መርፌ ከሚወጋባቸው ቦታዎች አንዱ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አጥንት በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሌላው ከእምብርት በታች ነው። ኖርዌይ ውስጥ በ67 ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት፣ በትክክለኛው ቦታ ከተወጉት 85 በመቶው ስድስት ወር ያለ ሕመም ቆዩ፤ ለማስመሰል ከተወጉት 58 በመቶ፣ ምንም ካልተደረገላቸው 36 በመቶ። የማስመሰያው መርፌ ራሱ ይህን ያህል ከሠራ፣ ከውጤቱ ከፊሉ የቦታው ሳይሆን የመታከሙ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጀርመን ጥናት ቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን ላለባቸው ሴቶች አንቲባዮቲክ ሳይሆን አይቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሰጠ፤ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ አንቲባዮቲክ ሳያስፈልጋቸው ዳኑ። ስለዚህ አንድ መድኃኒት ጠጥቶ መዳን በዚያ መድኃኒት መዳን ማለት አይደለም። በዚያው ጥናት ግን ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት የወጣባቸው ሴቶች ከአይቡፕሮፌኑ ወገን በዝተው ነበር። አንቲባዮቲክ ካስፈለገ ደግሞ ምላስና የደም ምት ባክቴሪያው የትኛው እንደሆነ አይናገሩም።

መዘዙ ያለው የት ነው?

ሐረጉ ላይ። በጥንቱ አሠራር ሙ ቶንግ አኬቢያ ከተባለ ተክል የሚገኝ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን ግን ገበያውን «ጓን ሙ ቶንግ» የተባለ ሌላ ሐረግ ያዘው፤ ይህኛው አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 የብራስልስ ሐኪሞች የክብደት መቀነሻ እንክብል የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት እየጠፋ መሆኑን ይፋ አደረጉ፤ በእንክብሉ ውስጥ በስም መመሳሰል ተለውጦ የገባ፣ ይኸው መርዝ ያለበት ተክል ነበር። ተጎጂዎቹ በኋላ ከመቶ አለፉ፤ አንዳንዶቹም በሽንት መተላለፊያ ካንሰር ተያዙ። ቻይና ጓን ሙ ቶንግን ከመድኃኒት ዝርዝሯ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የሽንትን መንገድ ይጠርጋል ተብሎ የተቀመመው ነገር ያንኑ መንገድ ሊያበላሽ ይችል ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ሽንት ሲያቃጥል ቅድሚያው የሽንት ምርመራ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስመለስ ወይም የጎን ውጋት ከመጣ ጉዳዩ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ለሻይም ለመርፌም ጊዜ የለም። እርጉዝ ሴት፣ ሕፃን፣ ወንድና የስኳር ሕመምተኛም እቤት ተቀምጠው መሞከር የለባቸውም። ሩባርብ ያለበት ቅመማ ደግሞ ለእርጉዝ ሴት አይሆንም።

ሕመሙ ለሚመላለስባትና የቻይናውን መንገድ መሞከር ለምትፈልግ ሴት፣ ሐኪሟ እያወቀ ቢሆን መልካም ነው። ዱባይም ሆነ ዋሽንግተን፣ ከሻጩ ፊት ቆማ የምትጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ውስጡ ያሉት ተክሎች በሙሉ ተጽፈዋል? ሙ ቶንግ ካለበት ከየትኛው ሐረግ ነው? ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ የሌለው ሻጭ ካጋጠማት፣ ቦርሳዋን ዘግታ መውጣት ነው።