ከኪሎው በላይ የሚገጥም ቡጢኛ

ቡሬ ገበያ ጥማድ ሊያሟላ የወጣ ገበሬ ሚዛን አያስፈልገውም። ቤቱ ያለውን በሬ በልቡ ይዞ ይዞራል፤ ለሽያጭ የቀረበውን በሬ ሻኛ ያያል፣ አንገቱን በእጁ ይዳብሳል፣ የፊት እግሩን አቋቋም ያጤናል። የሚሻው ትልቁን በሬ አይደለም፤ የራሱን በሬ አቻ ነው። ያላቻው የተጠመደ በሬ ቀንበሩን ያጋድላል፣ ማረሻው መስመር ይስታል፣ ትንሹም ቀድሞ ይደክማል።

ቦክስ የተመሠረተው በዚሁ በአቻ ሕግ ላይ ነው። በፕሮፌሽናሉ ዓለም በሰፊው የሚታወቁ 17 የክብደት ምድቦች አሉ። የመጀመሪያው ጣራ 47.6 ኪሎ ነው። ቀጣዩ 49 ነው፤ ልዩነቱ ኪሎ ተኩል አይሞላም። ወደ ላይ በተሄደ ቁጥር እርምጃው ይሰፋል፤ ከ79.4 ቀጥሎ ያለው ጣራ 90.7 ነው። ከዚያ በላይ ያለው ከባድ ሚዛን ጣራ የለውም። ሰው ሁሉ ስሙን የሚያውቀው ይህ የመጨረሻው ምድብ ነው፤ እኔ ግን የስፖርቱ ጥበብ በደንብ የሚታየው ከታች ባሉት ላይ ይመስለኛል።

ኪሎ ተኩል ይህን ያህል የሚፈራው ለምንድን ነው? ቡጢ ከክንድ አይነሳም። ከእግር ጣት ተነስቶ በዳሌ፣ በወገብና በትከሻ አልፎ ጓንት ላይ ይደርሳል፤ መላው አካል ከኋላው ይገፋዋል። ስለዚህ እኩል ከሚፈጥኑ ሁለት ሰዎች የከበደው የበለጠ ያደቅቃል። የባሰው ችግር ግን መቀበሉ ላይ ነው። አገጭ ላይ ያረፈ ቡጢ ጭንቅላትን በድንገት ያዞራል፤ ያንን መዞር የሚገታው የአንገት ጥንካሬ ነው። ጡንቻ በልምምድና በምግብ ይገነባል። የእጅ አንጓ አጥንት፣ የመንጋጋ ስፋት፣ የክንድ ርዝመት ግን ከተፈጥሮ የተሰጡ ናቸው። አዲሱ ጡንቻም ደም ይፈልጋል፣ አየር ይፈልጋል፤ በስድስተኛው ዙር ትንፋሹ የሚያጥርበት ያለ ቅጥ የደለበው ነው።

አንድ ነገር ግን ብዙ ተመልካች አያስተውልም። ትልልቆቹ ቡጢኞች የሚመዘኑት አብዛኛውን ጊዜ ከግጥሚያው አንድ ቀን በፊት ነው። ለመመዘን ይራባሉ፣ ውኃ ይተዋሉ፣ በላብ ይቀልጣሉ፤ ከሚዛን ሲወርዱ በልተው ጠጥተው በማግስቱ ብዙ ኪሎ ጨምረው ሪንግ ይገባሉ። ስለዚህ ወደ ላይኛው ምድብ መውጣት አንዳንዴ መክበድ ሳይሆን ረሃቡን መተው ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሲወጣ የሚያሸንፈው የዱሮ ጉልበቱ ስለሚመለስለት ነው።

ለእኛ ቀረብ ያለው ታሪክ የናይጄሪያዊው የዲክ ታይገር ነው። በ1962 (ዘመኑ እዚህም ሆነ ቀጥሎ የቡጢኞች ታሪክ ሲነገር በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በ72.6 ኪሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በታኅሣሥ 1966 ወደ 79.4 ወጥቶ ሆዜ ቶሬስን በነጥብ ረታና የሁለተኛ ምድብ ቀበቶ ታጠቀ። ቁመቱ 1.73 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በግንቦት 1968 ግን 1.90 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቦብ ፎስተር በአራተኛው ዙር ዘረረው፤ ታይገር በዝረራ የተሸነፈው በዘመኑ ሁሉ ያን ቀን ብቻ ነው። ፎስተርም በተራው በኅዳር 1970 ወደ ከባድ ሚዛን ወጥቶ ጆ ፍሬዘርን ገጠመ፤ ከሁለተኛው ዙር አላለፈም። እያንዳንዱ ሰው የሚቆምበት ደጃፍ አለው፤ ደጃፉ ግን ለሁሉም አንድ ቦታ ላይ አይደለም።

ይህን ሳስብ የምዕራብ ጎጃም መንገድ ትዝ ይለኛል። በ1933 ዓ.ም. በየካቲት ወር ኮሎኔል ናታሌ የሚባል ጣሊያን ቡሬ ላይ በሺህ የሚቆጠር ጦር ይዞ መሽጎ ነበር። ከሱዳን ግመል እየነዳ የመጣው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጦር ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ስሙም በመጽሐፍ ቅዱሱ ጌዴዎን የጌዴዎን ጦር ተባለ። የጎጃም አርበኞች ለዓመታት ያስጨነቁትን ያንን ምሽግ ፊት ለፊት አልገጠመውም። በሌሊት እየተጠጋ ተኮሰ፣ ቦታ ቀያየረ፣ ብዙ መሰለ። ናታሌም የተከበበ መስሎት በየካቲት 25 ቡሬን ለቆ በዛሬዋ ፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ደምበጫ ሳይደርስ ከዚሁ ከዊንጌት ጦር አንድ የኢትዮጵያውያን ሻለቃ ጦር ያ ሁሉ የናታሌ ጦር በሚያልፍበት መንገድ ላይ ተገኘ። በጀግንነት ተዋጋ፤ ሆኖም ብዙ ሰው ሞተበት፣ ቆሰለበትም፤ ከባዱ ጦር ጥሶት አለፈ። ቀላሉ ጦር ሲንቀሳቀስ ቡሬን አስለቀቀ፤ በከባዱ መንገድ ላይ ሲቆም ተረገጠ።

ከኪሎው በላይ ወጥቶ የተሳካለትን ቡጢኛ ስንመረምር የምናገኘው ይህንኑ ነው። ማኒ ፓኪያው በ1998 በ50.8 ኪሎ ቀበቶ ወስዶ በ2010 በ69.9 ኪሎ የስምንተኛ ምድብ ቀበቶ ሲጨምር ከእርሱ በጣም የሚረዝመውን አንቶኒዮ ማርጋሪቶን በእግሩ ነው ያደነዘዘው፤ እየገባ፣ እየመታ፣ በጎን እየወጣ። ቴረንስ ክሮፎርድ በ2014 በ61.2 ኪሎ ሻምፒዮን ነበር፤ በመስከረም 2025 በ76.2 ኪሎ ካኔሎ አልቫሬዝን 12 ዙር ተጋጥሞ በነጥብ ረታ። ዝረራ አልፈለገም። ልዩ የሆነው የ1897ቱ ቦብ ፊትዝሲመንስ ነው፤ 75 ኪሎ ገደማ እየመዘነ የከባድ ሚዛኑን ጄምስ ኮርቤትን ዘርሯል። እርሱ ግን ቀጥቃጭ ነበር፤ በቀጫጭን እግሮች ላይ የተጫነው ትከሻ በመዶሻ የተገነባ የከባድ ሚዛን ትከሻ ነው። እርሱም ቢሆን ከሁለት ዓመት በኋላ በግዙፉ ጄምስ ጄፍሪስ ተዘርሯል።

ለዚህ ነው ጎበዝ ወጣት ኪሎ ለመጨመር ሲጣደፍ የማዝነው። ጭማሪው እግሩን ካዘገየበት የሸጠው የሚያኖረውን ነው። ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ አልተጣደፈም። በ2018 የ90.7 ኪሎውን ምድብ አራት ቀበቶ ጠቅልሎ ወጣ፣ ክብደቱን በጥቂት በጥቂቱ ጨመረ፣ በ2021 አንቶኒ ጆሹዋን ረታ። በግንቦት 2024 ሪያድ ላይ ከታይሰን ፊዩሪ ጋር ሲገናኝ እርሱ 101 ኪሎ ገደማ፣ ፊዩሪ 119 ገደማ ነበሩ። በመካከለኞቹ ዙሮች ፊዩሪ ሆዱንና አገጩን ክፉኛ መታው፤ ኡሲክ ግን መዞሩን አልተወም። በዘጠነኛው ዙር ግራ እጁ አገኘችው። ከዚያ አንድ ትልቅ ቡጢ አልነበረም፤ ከጥግ እስከ ጥግ የተከተሉት የቡጢዎች ዝናብ ነበር። ያ ረጅም ሰው ገመዱ ላይ ተደግፎ ተንገዳገደ፣ ዳኛውም በመሃል ገብቶ መቁጠር ጀመረ።