ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

በኮልፌ ቀራኒዮ ቤት ለቤት እየዞርኩ በጽኑ የታመሙ ሰዎችን የማይ ነርስ ነኝ። ቤቴልም ሆነ አየር ጤና፣ ካንሰር ከተሰራጨበት ባል አጠገብ የማገኛት ሚስት ስለ ራሷ አትናገርም። "እንቅልፍሽስ?" ስላት ስለ እሱ እንቅልፍ ትነግረኛለች። የራሷን የግፊት መድኃኒት መዋጥ ከተወች መሰንበቷን የምሰማው ከልጆቿ ነው።

መጀመሪያ የምናወራው ስለ ሞርፊን ነው። የሚጠጣው ሞርፊን የሚያስታግሰው ለአራት ሰዓት ያህል ስለሆነ ሰዓቱን ጠብቆ ይሰጣል እንጂ ሕመሙ እስኪነሳ አይጠበቅም። ብዙዎች ግን "ሱስ ይሆንበታል"፣ "ለክፉ ቀን ይቆይ" እያሉ ይቆጥቡታል። በሐኪም ክትትል ለካንሰር ሕመም የሚወሰድ ሞርፊን ሱስ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። አይቀሬው የሆድ ድርቀት ስለሆነ ማለስለሻ አብሮ መታዘዙን ጠይቁ። የመኝታ ሰዓቱን መጠን ሐኪሙ ከፍ ካደረገው ደግሞ ሌሊት ለመድኃኒት መነሳት ይቀራል፤ ይህ ለበሽተኛው ብቻ ሳይሆን ለአስታማሚዋም ሕክምና ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የምግብ ነገር ነው። "ሲስተር፣ አጥሚቱን እንኳ እምቢ አለኝ እኮ!" ስትል እንባዋ ይቀድማል። ሰውነት ሊሰናበት ሲቃረብ ምግብ አይፈልግም፤ በግድ ማጉረስ ትን ያስብላል እንጂ ዕድሜ አይጨምርም። በእርጥብ ጨርቅ አፉን ማራስ ይበቃል። ይህን ለእሷ ማስረዳት ይቻላል። የሚያስቸግረው "ጦሙን አሳደረችው" ብሎ የሚያማው ዘመድ ነው።

ጠያቂ አይጠፋም፤ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ "እግዜር ይማርህ" ብሎ ይቀመጣል። ቡና የምታፈላለት ግን ያቺው ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጠው ያደረች ሴት ናት! እውነቱን ለመናገር ከአንዳንድ ጠያቂ ብርቱካኑ ብቻ ቢመጣ ይሻላል።

እድራችንስ? ድንኳኑ፣ ወንበሩና ገንዘቡ የሚደርሰው ሰውየው ካረፈ በኋላ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ቤቱን ሁሉ ሲያንኳኳ የአዲስ አበባ እድሮች በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥነው የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን በየቤታቸው ያስታምሙ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. በሲስተር ጽጌሬዳ ይስፋወሰን የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያም እስከ ዛሬ ሕሙማንን በቤታቸው ይረዳል፤ ግን አንድ ድርጅት ለስንቱ ይደርሳል?

እናም የእድር ዳኞች ሆይ፣ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዙልኝ፦ ከመዋጮው ጥቂቱ ለዳይፐርና ለመድኃኒት በሽተኛው በሕይወት እያለ ይውጣ። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለት አባላት ተራ ገብተው አልጋው አጠገብ ይቀመጡ፤ ሚስትየዋ ትተኛ።