ክብደትና የሚደነዝዝ እጅ

ጎሬ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት። ሌሊት እጅ ሲደነዝዝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርድ ነው፤ ቀጥሎ የቡና ለቀማው፣ ሙቀጫውና የልብስ እጥበቱ። እጅን የሚያደክም ተደጋጋሚ ሥራ በእርግጥም ድርሻ አለው። የሰውነት ክብደት ግን እምብዛም አይነሳም።

ሐኪሞች ችግሩን ካርፓል ተነል ሲንድሮም ይሉታል። እጅ አንጓ ላይ፣ ከሥር በትንንሽ አጥንቶች፣ ከላይ በጠንካራ ማሰሪያ የታጠረ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና ሚዲያን የተባለው ነርቭ ተጨናንቀው በዚያ ያልፋሉ። ግፊቱ ሲጨምር የሚጎዳው ነርቩ ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ። ትንሿ ጣት ግን ስሜቷን የምታገኘው ከሌላ ነርቭ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ትተርፋለች። በእንቅልፍ ጊዜ አንጓው ሲታጠፍ ሕመሙ ይብሳል፤ ታማሚው ነቅቶ እጁን ያራግፋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ ከ50 በላይ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ ከመጠን በላይ ውፍረት የችግሩን ዕድል በእጥፍ እንደሚያሳድግ አሳይቷል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሰው 77 ኪሎ ሲደርስ እዚህ ክልል ውስጥ ይገባል። ከምክንያቶቹ መካከል በመተላለፊያው ውስጥ የሚጨምረው ስብና የፈሳሽ ግፊት ይጠቀሳሉ። ውፍረት የሚያስከትለው የስኳር በሽታ ደግሞ ነርቩን በራሱ መንገድ ይጎዳል።

ጉዳዩ የሀብታም አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሴቶች በገጠር 4 በመቶ፣ በከተማ ግን 21 በመቶ ነበሩ። መቱን በመሳሰሉ ከተሞች በእግር ይኬድ የነበረው መንገድ በባጃጅ ሲታለፍ፣ የቀኑ ሥራም ወንበር ላይ ሲውል፣ ኪሎው ሳይታወቅ ይጨምራል።

ቀጭን ሰውም ይያዛል። እርግዝናና የታይሮይድ ዕጢ ድክመት የታወቁ መነሻዎች ናቸው። ስለዚህ ወፍራሙን ሁሉ «ክብደት ቀንስ» ብሎ መሸኘት በቂ ሕክምና አይሆንም፤ ክብደት መቀነስ ለአጠቃላይ ጤና ቢበጅም፣ የተጎዳን ነርቭ ብቻውን ይመልሳል ማለት አይቻልም።

መጀመሪያ ላይ ሌሊት አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር ብዙዎችን ያሳርፋል። ካልተሻለ መርፌ፣ ከዚያም የመተላለፊያውን ጠንካራ ማሰሪያ ቆርጦ ግፊቱን የሚያስለቅቅ ቀዶ ሕክምና አለ። ዕቃ ከእጅ መውደቅ ከጀመረ ወይም የአውራ ጣት ሥር ጡንቻ ከሟሸሸ ግን መቆየት አይገባም፤ የጎሬ ሰው ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ሄዶ መመርመር ይችላል። ጡንቻው ከሟሸሸ በኋላ ቀዶ ሕክምናው ሙሉ ኃይሉን ላይመልስ ይችላል።