የደረቀ የባርኔጣ ክፈፍ፤ ከሰቆጣ የተገኘ የጥበቃ ትምህርት



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ጥቃቅን ነገር መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የምናገረው ስለ አንድ አሮጌ ባርኔጣ ነው፤ ያውም ስለ ክፈፉ፣ ማለትም ከአናቱ ግርጌ ተነሥቶ ዙሪያውን ጥላ ስለሚሆነው ክፍል። ሆኖም በቅርስ ጥበቃ ሥራ ከገጠሙኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ከዚህ ክፈፍ የተነሣው ነውና፣ ታሪኩን ከአሠራሩ ጋር አያይዤ አቀርብላችኋለሁ።

ለጥናት ወደ ሰቆጣ በሄድሁበት ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ልጆች የሟች አባታቸውን የፌልት ባርኔጣ አሳዩኝ። ባርኔጣው ለብዙ ዓመታት ከሣጥን ግርጌ ልብስ ተጭኖበት ኖሯል፤ በአንድ ክረምትም ጣሪያው አፍስሶ አርሶታል። የግራው ክፈፍ ወደ ታች ታጥፎ እንደ ሰሌዳ ደርቆ ነበር። ከፊት በስተቀኝ ደግሞ ክፈፉ በመጠኑ ጎብጧል። ልጆቹ ለአባታቸው መታሰቢያ ከፎቶግራፋቸው ጎን ሊያስቀምጡት አስበው፣ «ዙሪያውን አቃንተው እንደ አዲስ ያድርጉልን» አሉኝ። ታላቅ እኅታቸው ግን እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ቆይተው፣ «ልጄ፣ የፊተኛውን አትንካው» አሉ። «አባቴ ሰው ባዩ ቁጥር ባርኔጣቸውን የሚያነሡት በዚያ በኩል ይዘው ነበር።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጥያቄው «ይህ ክፈፍ እንዴት ይለሰልሳል?» ከሚለው አልፎ «ከዚህ ክፈፍ የትኛው ክፍል መለስለስ ይገባዋል?» ወደሚለው ተሸጋገረ። ለሁለተኛው መልስ ለመስጠት ግን በቅድሚያ የመጀመሪያውን በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል።

የፌልት ባርኔጣ በአገራችን የክብር መለያ ሆኖ ቆይቷል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከነጭ ሻሽ በላይ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ደፍተው የተነሧቸውን ፎቶግራፎች የማያውቅ ጥቂት ነው። ባርኔጣው ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ነበር፤ በጣሊያን አገር በአሌሳንድሪያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1857 የተመሠረተው ቦርሳሊኖ ከታወቁት ፋብሪካዎች አንዱ ነው። ከውጭ ይምጣ እንጂ፣ አንድ ባርኔጣ በአንድ ሰው ራስ ላይ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ሲኖር የዚያ ሰው ይሆናል።

ፌልት ምንድን ነው? በመንዝ ደጋ እንደሚሠሩት ባናና ዝተት የተፈተለና የተሸመነ አይደለም። ፌልት ድርና ማግ የለውም። የበግ ሱፍ ወይም የጥንቸል ፀጉር በሙቀት፣ በእርጥበትና በእሽት ኃይል እርስ በርሱ ተጠላልፎ ሲታመቅ የሚገኝ ጨርቅ ነው። እያንዳንዱ የሱፍ ፀጉር በአጉሊ መነጽር ቢታይ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ቅርፊቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያዘነብሉ፣ ፀጉሮቹ በታሹ ቁጥር ወደፊት ይሄዳሉ እንጂ ወደ ኋላ አይመለሱም። የሱፍ ሹራብ በፈላ ውኃ አጥቦ ለሕፃን የሚበቃ ያደረገ ሰው ይህን ሕግ ሳይማር ያውቀዋል።

የዚህ ጨርቅ ቅርጽ በሁለት ነገሮች ይጠበቃል። አንደኛው በራሱ በፀጉሩ ውስጥ ያለው ነው። ሱፍ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ሲሆን፣ የፕሮቲኑ ሰንሰለቶች በጠንካራና በደካማ ትስስሮች ተያይዘዋል። ከደካሞቹ ዋነኛው የሃይድሮጅን ትስስር ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ይፈታል፣ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ ባለበት ሁኔታ እንደገና ይታሰራል። ሁለተኛው ፋብሪካው የጨመረው ማጠንከሪያ ነው፤ በብዙ አሮጌ ባርኔጣዎች ይህ ሼላክ የተባለው፣ ከአንዲት ትንሽ ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው። ሼላክ በአልኮል ይሟሟል፤ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይለሰልሳል። ዕድሜው ሲገፋ ግን እየጠጠረና እየተሰባበረ ይሄዳል። ስለዚህ የደረቀን ክፈፍ በጉልበት ያጠፈ ሰው ሙጫውን ይሰነጥቃል፣ ፀጉሩንም ይበጥሳል።

የሰቆጣ አየር በዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። ከከተማዋ አቅራቢያ ባለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዋግ መሳፍንት እንደሆኑ የሚነገርላቸው የደረቁ አስከሬኖች እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ። ያ ደረቅ አየር ሻጋታን ይከላከላል፤ ቆዳንና ሱፍን ግን ያደርቃል። የዋግ ክረምት አጭር ነው፤ ባርኔጣው በዚያ አጭር ክረምት ርሶ፣ በረጅሙ በጋ እንደታጠፈ ደረቀ። ውኃው የሱፉን ትስስር ፈታ፣ የልብሱ ክብደት አዲስ ቅርጽ ሰጠው፣ ድርቀቱም ያን ቅርጽ አጸናው። እኛ ለማቃናት የምናደርገው ሁሉ ሣጥኑ ለማጣመም ያደረገውን በሥርዓት መድገም ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬ እንዳልተሳካ ልሰውር አልፈልግም። በቤተሰቡ ባርኔጣ ላይ እጄን ከማሳረፌ በፊት ዋጋ በሌለው ሌላ አሮጌ ባርኔጣ ላይ ሞከርሁ። ቸኩዬ እንፋሎቱን አብዝቼ ለቀቅሁበት። ክፈፉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈሰፈሰ፤ ሲደርቅም ሼላኩ እርጥበት ጠጥቶ ላዩ ላይ ነጭ ደመና የመሰለ እድፍ ወጣ። የውስጡ ቆዳ ደግሞ ተኮማትሮ አናቱን አጠበበው። አሮጌ ቆዳ እርጥብ ሙቀትን አይችልምና። ከእነዚህ ስሕተቶች የሚከተለውን ቅደም ተከተል አወጣሁ።

በመጀመሪያ ባርኔጣውን ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ማንሣትና ክፈፉን መለካት ያስፈልጋል። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ፀጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ አቧራውን መጥረግ ይገባል። ጓንት ማድረግና ነፋስ በሚዘዋወርበት ቦታ መሥራት ግዴታ ነው። በቀድሞ ዘመን የጥንቸል ፀጉር ለፌልት የሚዘጋጀው በሜርኩሪ ውሕድ ነበር፤ በአሜሪካ ይህ አሠራር የቆመው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ስለዚህ አሮጌ ባርኔጣን በእንፋሎት የሚያሞቅ ሰው መርዙ ሊኖር እንደሚችል አስቦ መሥራት አለበት።

ቀጥሎ የውስጡ ቆዳ ወደ ውጭ ተገልብጦ ከእንፋሎቱ ይርቃል። ውኃ በማንቆርቆሪያ ይፈላል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም ሼላክን ለማለስለስ ከበቂ በላይ ነው። ክፈፉን ከማንቆርቆሪያው አፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቆ ለጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ማውጣት፣ በጣት መሞከር፣ እንደገና መያዝ ነው። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» ይባላል። ፌልት ግን ከብረት የሚለይበት ነገር አለ፤ እንደሞቀ ቅርጽ ይይዛል፣ ቅርጹ የሚጸናው ግን ቀዝቅዞ ሲደርቅ ነው። ሥራው ያለው ከማጠፉ ይልቅ በመጠበቁ ላይ ነው። የለሰለሰውን ክፍል በንጹሕ ነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ሰሌዳ ላይ አስተኝቶ፣ በከረጢት የታሰረ ጥቂት አሸዋ ጭኖ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን መተው ያስፈልጋል። ከደረቀ በኋላ ክፈፉ ድጋፍ ካሻው፣ በአልኮል የቀጠነ ሼላክ ከሥር በኩል በስሱ ይቀባል፤ ይህም ከከሰልና ከማንኛውም እሳት ርቆ።

አሁን ወደ እማማ ቃል ልመለስ። እንፋሎት ፍርድ የለውም። ሣጥን ያጎበጠውንና እጅ ያጎበጠውን አይለይም፤ ካገኘው ሁለቱንም እኩል ይፈታል። መለየቱ የሠራተኛው ድርሻ ነው። ባርኔጣውን ከመስኮት አጠገብ አድርጌ ብርሃን በጎን እንዲያርፍበት አደረግሁ። የግራው እጥፋት ስለታም መሥመር ነበረው፤ በአጠገቡም ውኃ ሲደርቅ የተወው ቀለበት ይታያል። ከፊት ያለው ጉብጠት ግን ገራም ነው፤ ከላይ አውራ ጣት፣ ከሥር ሁለት ጣት የሚያርፉበት ቦታ ፀጉሩ ሳስቶ ያብረቀርቃል፣ በእጅ ወዝም ጠቁሯል። የመጀመሪያው አደጋ ነው፤ ሁለተኛው ልማድ ነው። በአገራችን ሥርዓት ባርኔጣ ማንሣት ለሌላው ሰው ክብር መስጠት ነው። ያ ጉብጠት እንግዲህ የአንድ ሰው የሺህ ሰላምታዎች አሻራ ነው፤ በዚያ ቤት ስለ ሟቹ ጠባይ ከፎቶግራፉ ይልቅ የሚመሰክረውም እርሱ ነበር።

ስለዚህ የፊቱን ክፈፍ በወፍራም ካርቶንና በደረቅ ጨርቅ ሸፍኜ፣ እንፋሎቱን በግራው እጥፋት ላይ ብቻ አሳረፍሁ። አንድ ጊዜ አልበቃም፤ በሦስት ቀናት ውስጥ በሦስት ዙር ቀስ በቀስ ተቃና። የእጥፋቱ መሥመር ፈጽሞ አልጠፋም፤ በዚያ ስፍራ የተበጠሰው ፀጉር አይመለስምና። ይህንንም ለቤተሰቡ በግልጽ ነገርኋቸው። ልጆቹ በመጀመሪያ ቅር አላቸው፤ እንደ አዲስ እንዲሆን ነበር የጓጉት። እኅታቸው ግን ባርኔጣውን ተቀብለው፣ ሦስት ጣታቸውን በጉብጠቱ ላይ አሳርፈው አነሡት። ጣቶቹ በቦታቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ፊተኛው ክፈፍ አልተናገረም።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ በቤተ መዘክርም ሆነ በግለሰብ ቤት የተጣመመ ነገር በእጃችሁ ሲገባ፣ ማንቆርቆሪያውን ከመጣዳችሁ በፊት ዕቃውን ወደ ብርሃን አቅርቡት፤ ባለቤቶቹንም፣ በተለይም ዝም ያሉትን፣ ጠይቁ። የተቃና ክፈፍን ወደ ቀድሞ ጉብጠቱ ለመመለስ እንፋሎቱ ይበቃል፤ ያን ጉብጠት የሠራው እጅ ግን አይገኝም።