ፋሲካን በፎገራ

በዓል በመጣ ቁጥር ከየቤታችን አንድ ሰው ይጎድላል። አንዷ ነርስ ናት፣ ተረኛ ሆና ሆስፒታል ታድራለች። ሌላው ሾፌር ነው፣ ሌሊቱን ጎዳና ላይ ነው። ከጎረቤት አንዱ ልጅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ከተወለደበት ክልል ውጭ ተመድቧል። እናቱም ወጡን ስታወጣ ሳታስበው የእርሱን ድርሻ ጭምር ትቆጥራለች።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ናፍቆቱ አይደለም። ናፍቆቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ ከቤቱ የራቀ ልጅ በዓሉን የሚውለው በአንድ ሰው ቤት ነው፤ በዚያም ቤት ውስጥ ድስት የጣደች አንዲት ሴት አለች። ስለዚያች ሴት ማሰብ የጀመርኩት በእናቴ ምክንያት ነው።

እናቴ ዘማች ነበረች። ወጣት አንባቢዎቼ «የምን ዘማች?» ትሉ ይሆናልና ባጭሩ ላስረዳ። የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ በአዲስ አበባ በይፋ የተጀመረው ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። ወደ 60,000 የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአስተማሪዎቻቸው ጋር ወደ ገጠር እንዲሠማሩ የታቀደበት ዘመቻ ነው። ሥራቸው ማንበብና መጻፍ ማስተማር፣ ስለ ጤና አጠባበቅ ማስረዳት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ ገበሬውን በማኅበር ማደራጀት ነበር።

በፈቃድ ነበር ወይ? እናቴ ይህን ስጠይቃት ትስቃለች። ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠል አይፈቀድለትም፣ ሥራም አያገኝም ነበርና ነው። በደስታ የሄደ ነበር፣ እያለቀሰ የሄደም ነበር፤ ሄዶ ሳይመለስ የቀረም አለ። «እኔ ከሚያለቅሱት ነበርኩ» ትላለች። የ18 ዓመት ልጅ ስትሆን ከዚያ በፊት ከጉለሌ ውጭ አድራ አታውቅም።

የደረሳት ቦታ ፎገራ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈልና አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። ከወረታ በስተምዕራብ እስከ ጣና ድረስ ዓይን የሚያደክም ሜዳ ተዘርግቷል። ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች በዚሁ ሜዳ ላይ አልፈው ጣና ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ ሜዳው ሐይቅ ይመስላል፤ ውኃው ሲሸሽ ጥቁሩ አፈር እርጥበቱን ይዞ ይቆይና ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት አገሩ እዚህ ነው። ዛፍ ግን ጥቂት ነው። እናቴ ኩበት መጠፍጠፍ የተማረችው እዚያ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም በዚህ ሙያዋ ትኮራለች። (ጉለሌ ላይ የሚፈልግላት ሰው አላገኘችም እንጂ።)

ስድስት ዘማቾች ነበሩ፤ ከእነርሱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ያደሩበት መንደር ከወረታ በእግር ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬድ ነበር፣ ከርብ ወንዝ ወዲህ። ገና በጉዞው ግርግር ሳይታወቅ አለፈ። ሁዳዴ ሲገባ ነው ነገር የተበላሸው። ከወንዶቹ አንዱ ከመንደሩ እንቁላል ገዝቶ፣ ሰው እያየ፣ በጾሙ መካከል ቀቅሎ በላ። ለእርሱ ነፃነት መሆኑ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ በዘማቾቹ በር ሲያልፉ ሰላምታ መስጠት ተዉ፤ ልጆቻቸውንም ከፊደል ቆጠራው ከለከሉ። «እኔ እንቁላሉን አልበላሁም፤ ግን አንድ ቃል አልተናገርኩም። ዝም ማለቴ ከመብላት ይከፋ ነበር» ትላለች እናቴ። እንዲህ ሆነው ሳምንታት ቆዩ።

በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 26 ቀን ነው። በዋዜማው፣ ቅዳም ሥዑር ማታ፣ እናቴ ተኝታ ታለቅስ ነበር። የጎረቤቷ ሴትዮ ሳያንኳኩ ገቡ። እናቴ «እታለም» እያለች የምትጠራቸው የሦስት ልጆች እናት ነበሩ። «የሰው ልጅ በፋሲካ ብቻውን አያድርም፤ ተነሽ» አሏት። ስለ እንቁላሉ አንድም ነገር አላነሡም። ቤተ ክርስቲያን አብረው ቆሙ፤ ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ ተመልሰው መደቡ ላይ ተቀመጡና ጾሙን አብረው ገደፉ። እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከእርሳቸው እጅ ተቀበለች። የቤቱ ትንሽ ሴት ልጅ ብቻ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጥጉን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አልበላም አለች። እናቴ «እንግዳ ፈርታ ነው» ብላ አለፈችው።

ነገሩን ያወቀችው ከሳምንታት በኋላ ከጎረቤት ሰምታ ነው። የታረደችው ዶሮ በቤቱ ያለችው አንዲት ዶሮ ነበረች። እንቁላሏ ወረታ ገበያ እየተሸጠ የቤቱ ጨውና ላምባ የሚገዛው በእርሷ ነበር። እታለም ለዓመት በዓሉ ምስር ወጥ ሊሠሩ አስበው ኖሮ፣ ዘማቿን ሊጠሩ ሲወስኑ ሐሳባቸውን ለወጡ።

እናቴ ዘመቻው በ1968 ዓ.ም. ሲያበቃ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ አገባች፣ እኛን ወለደች። ለእታለም ግን አንድ ደብዳቤ አልጻፈችም። ምክንያቷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እታለም ማንበብ አትችልም፤ ለማን ልጻፍ?» በየዓመቱ ፋሲካ ስንገድፍ ስማቸውን ታነሣለች፤ አባቴ «ይኸው መጣች» ብሎ ይቀልዳል። እኛ ልጆቿም ሰልችተነው ነበር፣ እውነቱን ልናገር።

በ2011 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን እኔ ለሥራ ወደ ወረታ ተላክሁ። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው ወረታ ላይ ስለሆነ ስለ ሩዝ ልጽፍ ነው። ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሥራዬን ሐሙስ ጨረስኩ፤ መኪናው ዓርብ ሊመለስ ተቆርጧል። ሻንጣዬን ስይዝ እናቴ ደወለች። «ልጅሽን እኔ እይዛታለሁ። አንቺ እዚያው ዋይና እታለምን ፈልጊልኝ» አለችኝ። ተቆጣሁ። ልጄ የመጀመሪያዋን ዶሮ ወጥ ስትቀምስ እኔ የማላውቃትን ሴት ፍለጋ ሜዳ ለሜዳ ልዞር? «44 ዓመት ሙሉ ያልከፈልሽውን ዕዳ በእኔ በዓል ልትከፍዪ ነው?» አልኳት። እናቴ መልስ አልሰጠችኝም። መኪናው ያለ እኔ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ከወረታ ገበያ ነጠላ፣ ቡናና ስኳር ገዛሁ። እንደ እናቴ ትእዛዝም የአንዲት የምትጥል ዶሮ ዋጋ ለብቻው በወረቀት ጠቀለልሁ። መጀመሪያ በባጃጅ፣ ቀጥሎ በእግሬ ሄድሁ። እናቴ የነገረችኝ ሜዳ ሽምብራና ጓያ ነበር፤ እኔ ያገኘሁት በየግቢው የተከመረ የሩዝ ገለባ ነው። አንድ ቄስ ምልክቱን ነገሩኝና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ደረስሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ሴት ከደጃፉ ቆመዋል። ማን እንደሆንሁ፣ እናቴ ማን እንደነበረች፣ በየትኛው ዓመት እንደመጣች አስረዳሁ። ሴትዮዋ እስክጨርስ ዝም ብለው አዩኝ።

«ያቺ ዶሮዬን የበላችው ዘማች ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። እርሳቸው ግን በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ይዘው እንባ እስኪያወጣቸው ሳቁና አቀፉኝ። ለካ ያቺ ትንሽ ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው እንግዳ ፈርታ አልነበረም። ዶሮዋን ከጫጩትነቷ ያሳደገቻት እርሷ ነበረች። እናቴ ያንን ሌሊት እንደ ደግነት ስታስታውሰው እርሷ እንደ ሐዘን ስታስታውሰው ኖራለች።

እታለምን አላገኘሁም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቅ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ከፍታው ወጥተው ነበር፤ በዚያ ጊዜ መንኩሰው «እማሆይ» ይባሉ ነበር። ከተመለሱ በኋላ ብዙም አልቆዩም። «እስክታርፍ ድረስ፣ ያቺ ልጅ አገሯ በደኅና ገብታ ይሆን? ትል ነበር» አሉኝ ልጃቸው። ቀጥለውም ያለ ቁጣ፣ እንዲያው ለመናገር ያህል፣ «ብትጽፍልን እኔ አነብላት ነበር። ሀ ሁ ያስቆጠረችኝ እናትሽ አይደለች?» አሉኝ።

ይህን ለእናቴ የነገርኳት ከሁለት ቀን በኋላ፣ አዲስ አበባ ገብቼ፣ ፊት ለፊት ነው። በስልክ አልቻልሁም።

ያን ሌሊት ግን እዚያው አደርሁ። የቀረበው እንጀራ ጤፍ በሩዝ የተቀየጠ ነው፣ ከቤታችን እንጀራ ይነጣል። እናቴ በ1967 ዓ.ም. ፎገራ ላይ አንዲት ፍሬ ሩዝ አላየችም። ሩዙ የመጣው በኋላ፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት መሞከር ሲጀምሩ ነው፤ ገበሬው «ኤክስ ጅግና» የሚለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚያችው ጅግና ነው። ጉርሻውን እየተቀበልሁ፣ እነዚያ ሰዎች የራሳቸው ዓመት በዓል ሲደርስ ማን አበላቸው ይሆን? ብዬ አሰብሁ። የአሜሪካ የሰላም ጓዶችም በ1955 ዓ.ም. መባቻ ወደ 280 የሚጠጉ ሆነው ለማስተማር ሲመጡ፣ የአገራቸው ገና በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን ላይ ይውል ነበር። ለተማሪዎቻቸው ተራ የትምህርት ቀን ነው። የእኛው ገና 13 ቀን ቆይቶ ሲደርስ ግን በየከተማው ስንት ቤት ሳይጠራቸው አልቀረም!

እኔም ያን ሌሊት ሆዴ ልጄ ዘንድ ነበር። የሰው ልጅ እያጎረሱት ስለ ሌላ ማሰቡ ነውር ይመስላል፤ ግን እንዲያ ነው። ሴትዮዋም አስተውለው ኖሮ «ልጅ አለሽ?» አሉኝ። አለኝ አልኩ። «እንግዲያው የእርሷንም ጉረሺ» ብለው ሁለተኛ ጠቀለሉ።

ልጆቻችሁን ለበጎ ፈቃድ የላካችሁ እናቶች፣ ስልክ ሲደወል «ምን በላህ?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም እላለሁ። እስቲ «ማን አበላህ?» ብላችሁም ጠይቁ። የሴትዮዋን ስም ይንገራችሁ። ቡና ትወድ እንደሆነ፣ ልጆች እንዳሏት፣ ለእርሱ ሲባል ከቤቷ ምን እንደወጣ ያስተውል። እርሱ ወጣት ነው፣ ላያየው ይችላል፤ እናንተ ግን አንዲት ዶሮ በቤት ውስጥ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ከተቻለም ሴትዮዋን በስልክ አነጋግሯት። ማንበብ ባትችል የሚያነብላት ልጅ ይኖራታል።

እናቴን ይዤ ፎገራ ልመለስ አስቤ ነበር። መጀመሪያ የኮሮና በሽታ መጣ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ሐሳቡ ሳይሳካ ቆየ። በስልክ ነው የሚገናኙት። የመጀመሪያ ጊዜ ሲነጋገሩ፣ በዚያው በ2011 ዓ.ም. ለጰራቅሊጦስ፣ አጠገባቸው ነበርኩ። እናቴ ይቅርታ ልትጠይቅ ብዙ ተዘጋጅታ ነበር፤ ግን ከወዲያ በኩል የሚመጣው ድምፅ ጊዜ አልሰጣትም። በላክሽው ገንዘብ ዶሮ ገዛሁ፣ ስሟን «ዘማች» አልኳት፣ ዘጠኝ ጫጩት ፈልፍላ ሁለቱን ጭልፊት ወሰደብኝ አሏት።

«ጨውና ላምባስ?» አለች እናቴ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

«ጨው አለ። ላምባ ቀርቷል እኮ፣ አሁን በፀሐይ ነው የምናበራ» አሏት።